ላባው የማን ነው?

የአዳኝ ወፎች ዲኤንኤ ላይ እንደምሠራ ስናገር ብዙ ሰው ወዲያው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «የጠፉትን መመለስ ይቻላል እንዴ?» ይለኛል። ጥያቄውን እወደዋለሁ። ሰው ስለ ወፍ ሲጨነቅ ማየት ራሱ ደስ ይላል። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ የምሠራው ከዚያ በጣም የራቀ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ላባ አለ። የማን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። በቃ።

የወንድ ነው የሴት? አምና ላባዋ የደረሰን ያቺው ንስር ናት ወይስ ሌላ? ጫጩቱስ የእነማን ልጅ ነው? ጥያቄዎቹ ተራ ይመስላሉ። በእኔ እምነት ግን ንስርን፣ ጥንብ አንሳንና ጭልፊትን ከመጥፋት ለማዳን በሚደረገው ሥራ ውስጥ የዘረ መል ሳይንስ ትልቁ እርዳታ እዚህ ጋ ነው። ማን ማን እንደሆነ መለየት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከላባው ልጀምር። ወፍ ላባዋን በየጊዜው ትጥላለች፣ አዲስ ታበቅላለች። ስለዚህ ወፏን ሳይይዙ፣ ሳያስደነግጡ፣ ጎጆዋ ላይ ሳይወጡ ናሙና ማግኘት ይቻላል። ትልቅ ንስር መያዝ ለያዡም ለተያዘውም አደገኛ ነው። ላባ መልቀም ግን ማንንም አይጎዳም።

ድሮ ከላባ ዲኤንኤ ሲወጣ የሚቆረጠው ቆዳ ውስጥ ተተክሎ የነበረው የዘንጉ ጫፍ ብቻ ነበር። እዚያ ጥቂት ሕዋሳት ተጣብቀው ይቀራሉ። በ2005 ግን በንስሮች ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሌላ ቦታ አሳዩን። ባዶው ዘንግ አልቆ ለስላሳው የላባ ክፍል የሚጀምርበት ቦታ ላይ፣ ውስጡ፣ የደረቀች ትንሽ ደም አለች። ላባው በማደግ ላይ ሳለ ይመግበው የነበረው የደም ሥር ቅሪት ናት። ይህች ደም ከጫፉ የበለጠ ዲኤንኤ ትሰጣለች። ዘንጉ ራሱ ከፀሐይና ከአፈር ስለሚከልላትም ብዙ ጊዜ ደህና ሆና ትቆያለች። የእኛ ቀይ የደም ሕዋስ ዲኤንኤ የሚቀመጥበት ኒውክለስ የለውም፤ የወፍ ግን አለው። ስለዚህ ለወፍ ጥናት ጠብታ ደም ማለት ሀብት ነው። ምላጬን የማሳርፈው እዚያች ቦታ ላይ ነው። ያቺን ጥቁር ነጥብ ዘንጉ ውስጥ ሳያት እስካሁን ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ደሟ በኢንዛይም ትሟሟለች፣ ዲኤንኤው ይጣራል፣ ፒሲአር በሚባለው የዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ ይባዛል። የምናነበው ጠቅላላውን ጂኖም፣ ማለትም የወፏን ዲኤንኤ በሙሉ፣ አይደለም። በዲኤንኤው ውስጥ ጥቂት ፊደላት ተደጋግመው የተጻፉባቸው ቦታዎች አሉ። የድግግሞሹ ብዛት ከወፍ ወፍ ይለያያል። እንዲህ ያሉ ቦታዎችን ደርዘን ያህል አንድ ላይ ሲያነቡ ብዙውን ጊዜ አንዱን ወፍ ከሌላው መለየት ይቻላል። ቁጥራቸው ተመናምኖ ሁሉም ዘመዳሞች በሆኑ ወፎች ላይ ግን ያ አይበቃም፤ ተጨማሪ ቦታዎች ማንበብ ግድ ይላል።

እዚህ ጋ አንድ ጣጣ አለ። እያንዳንዱ ወፍ ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ ቅጂ ይወርሳል። ከላባው የተገኘው ዲኤንኤ በጣም ጥቂት ሲሆን ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ ሳይባዛ ሊቀር ይችላል። ያኔ ያው ወፍ ሌላ ወፍ መስሎ ይታያል። ውጤቱን ያየ ሰው አንዱን ንስር ሁለት ብሎ ይቆጥራል፣ ቁጥራቸው ጨመረ ብሎም ሪፖርት ያደርጋል። ለመጥፋት በተቃረበ ወፍ ላይ ከዚህ የከፋ ስሕተት አላውቅም። ስለዚህ እያንዳንዱን ላባ ደጋግመን እንሞክራለን። ምንም ናሙና የሌለበት ባዶ ቱቦም ሁልጊዜ አብሮ ይሄዳል። ባዶው ቱቦ ውስጥ ዲኤንኤ ከታየ የዚያን ቀን ሥራ ሙሉ በሙሉ ይጣላል። አሰልቺ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይሰለቸኝም። ደንቡን የያዝነው ለወፎቹ ስንል ነው።

ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል? ካዛክስታን ውስጥ ናውርዙም የሚባል ጥብቅ የተፈጥሮ ቦታ አለ። ምሥራቃዊው ንጉሣዊ ንስር እዚያ ጎጆ ሠርቶ ይዋለዳል። ተመራማሪዎች ከጎጆዎች ሥርና ወጣት ንስሮች ተሰብስበው ከሚያድሩባቸው ዛፎች ሥር የወደቁ ላባዎችን ለቀሙ። ከላባዎቹ የተለዩት ንስሮች ሲቆጠሩ፣ በዓይን ከተቆጠሩት እጅግ በልጠው ተገኙ። በመነጽር ያየ ሰው የሚቆጥረው በዚያች ሰዓት ዛፉ ላይ ያለውን ነው። ላባው ግን ትናንት አድሮ የሄደውንም፣ ከሳምንት በፊት የመጣውንም ይዞ ይቆያል። አንድ ማደሪያ በዓይን ከሚገመተው በላይ ለብዙ ንስሮች መጠጊያ ከሆነ፣ ያችን የዛፍ ረድፍ መቁረጥ ምን ያህል ጉዳት እንደሆነ አሁን በማስረጃ መናገር ይቻላል።

ከዚህ ይልቅ ልቤን የሚነካው የጎጆው ጉዳይ ነው። አንድ ጎጆ በየዓመቱ ጥንድ ንስር ይታይበታል እንበል። የሚጠብቀው ሰው መዝገቡ ላይ «ጥንዶቹ አሉ፣ ደህና ናቸው» ብሎ ይጽፋል። በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። ከሩቅ ሲታዩ አንዱ ጎልማሳ ንስር ከሌላው አይለይም። ላባዎቹ ግን ሌላ ነገር ይናገሩ ይሆናል። አምና የነበረችው ሴት የለችም፣ አሁን ያለችው ሌላ ናት። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ወንዱ ተለውጧል። ጎጆ ያልያዙ ወጣት ንስሮች በአካባቢው ስለሚዞሩ አንዱ ሲሞት ቦታው ቶሎ ይሞላል። ከውጭ ሲታይ ምንም አልሆነም። ከውስጥ ግን ጎልማሶቹ እያለቁ ነው። ምናልባት የተመረዘ ሥጋ እየበሉ፣ ምናልባት የኤሌክትሪክ ገመድ እየገደላቸው። ተተኪ ወጣቶቹ ባለቁ ቀን ጎጆዎቹ በአንድ ጊዜ ባዶ ይሆናሉ፣ ሰውም «ድንገት ጠፉ» ይላል። ድንገት አይደለም። ላባዎቹን የሚያነብ ሰው ስላልነበረ ነው።

ትላልቆቹ አዳኝ ወፎች ቀስ ብለው የሚያድጉና ጥቂት የሚወልዱ ናቸው። የካሊፎርኒያ ኮንዶር የምትባለው ትልቅ የአሜሪካ ጥንብ አንሳ የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው፣ ያውም በየዓመቱ ላይሆን ይችላል። ልጇ ለመውለድ እስኪደርስ ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ አንድ ጎልማሳ መሞቱን ቶሎ ማወቅ ከባድ ዋጋ አለው።

የኮንዶሩን ታሪክ ካነሣሁ ዘርዘር ላድርገው፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ደጋግሜ የምመለስበት እሱ ነው። በ1982 በዓለም ላይ የቀሩት 22 ብቻ ነበሩ። በ1987 የመጨረሻው የዱር ኮንዶር ተይዞ ወደ እርባታ ገባ፤ ጠቅላላ ቁጥራቸው ያኔ 27 ነበር። ዛሬ ከ500 በላይ ናቸው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በዱር ይበርራሉ። ሁሉም የተገኙት ከ14 ወላጆች ዘር ነው። በአሥራ አራት ወላጅ ላይ የቆመ ዝርያ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚጣመር መሳት አይቻልም። ከዱር የተያዙት የዘር ሐረጋቸው አይታወቅም ነበር፤ ዲኤንኤ ግን ማን ለማን ዘመድ እንደሆነ ፍንጭ ሰጠ። ጥንዶች የሚመረጡትም ይህን ታሳቢ በማድረግ ሆነ።

ከዚያ አንድ ክፉ ነገር ብቅ አለ። አንዳንድ ጽንሶች አጥንታቸው አጥሮና ተዛብቶ እንቁላል ውስጥ ሞተው ይገኙ ጀመር። ምክንያቱ ድብቅ የሆነ የዘረ መል ጉድለት ነው። አንድ ቅጂ ብቻ የያዘ ወፍ ጤነኛ ነው። ሁለት ተሸካሚዎች ከተጣመሩ ግን ከልጆቻቸው አንዳንዱ ሁለቱንም ቅጂ ወርሶ ይሞታል። ቀላሉ መፍትሔ ተሸካሚ የሆኑትንና የተጠረጠሩትን ሁሉ ከመራባት ማገድ ይመስላል። የእርባታው ሰዎች ግን አላደረጉትም፣ ልክም ነበሩ። እነዚያን ወፎች ማገድ ማለት ሌላውን ጠቃሚ ዘረ መላቸውንም አብሮ መጣል ነው። ከ14 ወላጆች ብቻ ለተነሣ ዝርያ ይህ ከበሽታው የባሰ ኪሳራ ነው። የተመረጠው መንገድ ተሸካሚን ከተሸካሚ ጋር እንዳይጣመር መጠበቅ ነው። ይህን ውሳኔ በጣም አከብረዋለሁ። ሳይንሱ የሰጠው መረጃ ነው፤ ማስተዋሉ ግን የሰዎቹ ነበር።

በ2021 ደግሞ ከኮንዶሮቹ ማንም ያልጠበቀው ዜና ወጣ። በሳን ዲዬጎ ያሉ ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት ያከማቹትን ናሙና እየመረመሩ ሳለ ሁለት ወንድ ኮንዶሮች ላይ የአባት ዲኤንኤ አጡ። ሁሉም ነገራቸው ከእናት ብቻ ነበር። ያለ ወንድ፣ ካልዳበረ እንቁላል ነበር የተፈለፈሉት። የሚገርመው እናቶቹ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ልጅ መውለድ ከሚችሉ ወንዶች ጋር አንድ ላይ ይኖሩ ነበር። ሁለቱም ልጆች ዘር ሳይተኩ ሞተዋል፤ አንደኛው ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ሌላው ስምንት ሊሞላው ሲል። ዜናው በዓለም ሁሉ ሲናፈስ ሰዉ የተደነቀው በተአምሩ ነው። እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ጫጩት የተፈለፈለው በ2001 ነበር። ያኔ ናሙናውን ቱቦ ውስጥ ጨምሮ፣ መለያ ጽፎበት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀመጠው ሰው ባይኖር ኖሮ ይህን ማንም አያውቅም ነበር።

ጾታን መለየትም ከዚሁ ሥራ ይመደባል። ጥንብ አንሳዎችን አይቶ ወንድና ሴት መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል። ሁለት ወንዶችን ጥንድ ናቸው ብሎ አንድ ቤት አስቀምጦ ለዓመታት እንቁላል መጠበቅ ይመጣል። በወፎች ሁለት የተለያዩ የጾታ ክሮሞዞሞች የያዘችው ሴቷ ናት፤ ወንዱ ሁለት ተመሳሳይ አለው። በሁለቱም ክሮሞዞሞች ላይ የሚገኝ፣ ርዝመቱ ግን የሚለያይ አንድ ጂን አለ። አባዝቶ ዲኤንኤን በርዝመቱ በሚለየው ጄል ላይ ሲያሳዩት ሴቷ ሁለት መስመር ታወጣለች፣ ወንዱ አንድ። ቀላል ሥራ ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል።

አሁን ወደ ደሴቶች ልሂድ። የሞሪሸስ ጭልፊት በ1974 በዱር የታወቁት አራት ብቻ ነበሩ። ደኑ ተመንጥሯል፣ ሰው ያመጣቸው አይጥና ሞንጉስ የሚባሉ ትናንሽ ሥጋ በል እንስሳት ጎጆ ይዘርፋሉ፣ በላዩ ላይ ለወባ መከላከያ የተረጨው ዲዲቲ ነበር። ከአንድ ጥንድ ዘር ተነሥተው ዛሬ በመቶዎች ይቆጠራሉ። በ2000 የታተመ ጥናት ሙዚየም ውስጥ ከተቀመጡ የድሮ ጭልፊቶች ቆዳ ዲኤንኤ አውጥቶ ከዛሬዎቹ ጋር አስተያየ። አንዳንዱ ናሙና 170 ዓመት ያህል ዕድሜ ነበረው። የጥንቶቹ ጭልፊቶች ብዝኃ ዘራቸው፣ ማለትም በመካከላቸው ያለው የዘረ መል ልዩነት፣ ሰፊ ነበር። የዛሬዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን አጥተዋል፤ ብዙ ገጾቹ ተቀድደው የወጡበት መጽሐፍ ማለት ናቸው። የተቀደደው ገጽ ዳግም አይመጣም። ወፎቹ ግን አሉ፣ ይዋለዳሉ። «ዘራቸው ጠቧል፣ በእነሱ ላይ ገንዘብ ማባከን ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይህን እነግረዋለሁ። ብዝኃ ዘሩ ጠባብ መሆኑ አደጋ ነው እንጂ የሞት ፍርድ አይደለም። እርግጥ ነው፣ ድሉ ተጠናቋል ማለት አይቻልም። በ2014 ዝርያው እንደገና ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ገብቷል።

በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ መካከል ባለችው ኖርፎክ ደሴት የሆነው ደግሞ ከዚህም የጠበበ ነው። በ1986 የደሴቷ ጉጉት አንዲት ሴት ብቻ ቀርታ ነበር። የራሷ ወገን የሆነ ወንድ በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ የቅርብ ዘመዷ ከሆነው የኒውዚላንድ ጉጉት ሁለት ወንዶች ተወስደውላት፣ ከአንዱ ጋር ወለደች። ዛሬ ደሴቷ ላይ ያሉት ጉጉቶች ሁሉ የዚያ ጥንድ ዘር ናቸው። «ይሄማ ድቅል ነው፣ ንጹሕ አይደለም» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ያን ያደረጉትን ሰዎች አመሰግናለሁ። ከዜሮ ግማሽ ይሻላል። ዲኤንኤ እዚህ ጋ የሚረዳው ከዘመድ ሁሉ ማን የቅርብ እንደሆነ በማሳየት ነው። በጣም የራቀ ዘመድ ማምጣት ራሱን የቻለ ጉዳት ሊያስከትል ይችላልና።

በአልፕስ ተራሮች ላይ ያለውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ጢማሙ ጥንብ አንሳ፣ አጥንት ከሰማይ ጥሎ ሰብሮ የሚበላው፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከዚያ ጠፍቶ ነበር። በ1986 በእርባታ የተወለዱ ወጣቶች ኦስትሪያ ውስጥ ተለቀቁ፣ በ1997 የመጀመሪያው ጫጩት በዱር አደገ። ዛሬም የወደቁ ላባዎች እየተለቀሙ ይመረመራሉ። ማን እየወለደ እንደሆነ፣ የማን ዘር እየቀረ እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው፤ ቀጥሎ የሚለቀቀውም በዚሁ ይመረጣል።

ከዚያ ደግሞ ሌባ አለ። ፔሪግሪን ጭልፊት፣ ጭልፊት አሠልጥነው በሚያድኑ ሰዎች ዘንድ ብዙ ገንዘብ ያወጣል። ጫጩት ከዱር ጎጆ ይሰርቁና «እርባታ ቤቴ የተወለደ ነው» ብለው ወረቀት ያወጡለታል። የወላጆቹን ዲኤንኤ ከጫጩቱ ጋር ማስተያየት ውሸቱን ያጋልጣል። በ2021 ፖሊስ የያዛቸው የጭልፊት ጫጩቶች ከደቡብ ስኮትላንድ የዱር ጎጆዎች የተሰረቁ መሆናቸው በዲኤንኤ ተረጋግጦ፣ ጥፋተኞቹ በ2024 ተቀጥተዋል። እንዲህ ያለ ዜና ስሰማ ከልቤ እደሰታለሁ። ጫጩቱ ራሱ መስክሮ ማስፈረድ ቻለ ማለት ነው።

ግን አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። ዲኤንኤ ከመርዝ አያድንም። በደቡብ እስያ ጥንብ አንሳዎች በሚሊዮኖች ያለቁት ብዝኃ ዘር ጎድሏቸው አልነበረም። ለከብት ሕመም ማስታገሻ የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት ነው የጨረሳቸው። የሞተውን ከብት ሲበሉ ኩላሊታቸው ይከሽፋል። ምክንያቱ በ2004 ታወቀ፤ በ2006 ሕንድ፣ ኔፓልና ፓኪስታን መድኃኒቱን ለእንስሳት እንዳይውል ከለከሉ። ኮንዶሮቹንም እስከ ዛሬ በብዛት የሚገድላቸው በጥይት የተመታ እንስሳ ሲበሉ ከጥይቱ የሚገባባቸው እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ነው። በጀት ጠቦ መምረጥ ግድ ከሆነ ብሩ መጀመሪያ ወደ መርዙ ይሂድ እላለሁ፣ ምንም እንኳ እኔ የምኖረው በላቦራቶሪው ቢሆንም። ምርመራው የሚያስፈልገው እርምጃው መሥራቱን ለማየት ነው። ጎልማሶቹ ንስሮች ከዓመት ዓመት እነዚያው ከሆኑ መርዙ ቀንሷል ማለት ነው።

የጠፋውን ስለመመለስ ለሚጠይቁኝም መልሴ ይኸው ነው። ገና ያልጠፋው ብዙ አለ። ያንን ለማቆየት የሚያስፈልገው ላባ የሚለቅም ሰው፣ የሚሠራ ማቀዝቀዣና በሥርዓት የተጻፈ መለያ ነው። በብዙ ቦታ የሚጎድለውም ይኸው ነው። ናሙናዎች መብራት ሲጠፋ ይበላሻሉ፤ ጠባቂዎች በትጋት የሰበሰቡት ላባ ቀንና ቦታ ሳይጻፍበት ቀርቶ ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

ስለዚህ ከንስር ወይም ከጥንብ አንሳ ጎጆ አጠገብ የምታልፉ ከሆነ ይህን ያዙልኝ። በመራቢያ ጊዜ ወደ ጎጆው አትቅረቡ፤ ወላጆቹ ተደናግጠው ከተነሡ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል። ላባ ካያችሁ በመጀመሪያ የአካባቢውን የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኛ ጠይቁ፤ በብዙ አገሮች የእነዚህን ወፎች ላባ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ያስቀጣል። ከተፈቀደላችሁ ዘንጉን በእጃችሁ አትነካኩት፣ አትጠቡት፣ አታጽዱት። ደረቅ የወረቀት ፖስታ ውስጥ አንድ ላባ ብቻ ለብቻው አስቀምጡ። ፕላስቲክ አይሁን፤ እርጥበት ያፍንና ላባው ይሻግታል። ፖስታው ላይ በእርሳስ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። ፀሐይ አታስነኩት። ጥናቱን ለሚያካሂደው ክፍል አስረክቡና ስማችሁን አስመዝግቡ፤ ላባው የማን እንደሆነ ሲታወቅ እኔ ብሆን የለቀመው ሰው እንዲነገረው እፈልጋለሁ።